እስክንድርያ፦ በጆሮ የማውቃት ከተማ

ፋሲካ በየትኛው እሑድ እንደሚውል በየዓመቱ የምናወጣበት ቀመር የተወለደው በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ባለች አንዲት ከተማ ነው። ባሕረ ሐሳብን ትውፊታችን ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል፤ ድሜጥሮስ 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ነው። ከፈረንጆቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ዘግይተን የምንቆጥረውም፣ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እዚያው ከተማ የኖረ አንያኖስ የሚባል መነኩሴ ዘመነ ሥጋዌን ያሰላበትን መንገድ ይዘን ስለቀረን ነው። ጳጉሜንን ጨምረን አሥራ ሦስት ወር መቁጠራችን፣ መስከረም 1 ቀን ዓመት መለወጣችን፣ ይህ ሁሉ ከዚያች ከተማ ጋር ያስተሳስረናል።

ቅዳሴ የቆመ ሰው ዘአትናቴዎስ፣ ዘቄርሎስ፣ ዘዲዮስቆሮስ ሲባል ይሰማል። ሦስቱም የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ናቸው። ስንክሳር ሲነበብ ሰማዕቱ በእስክንድርያ ይሞታል፣ መናኙ ከእስክንድርያ ወጥቶ በረሃ ይገባል፣ ጳጳሱ ከእስክንድርያ ይሰደዳል። እኔም ከተማዋን ያወቅኋት እንዲህ በልጅነቴ፣ በጆሮዬ ነው። ባሕሩ መንገዷ ድረስ የሚረጫት፣ ትራም እያንኳኳ የሚያልፍባት፣ ጉበት በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ በዳቦ የሚሸጥባት ከተማ መሆኗን ግን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው በጆሮ የሚያውቋት ሁሉ በእግራቸውም እንዲያውቋት ስለምፈልግ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካይሮ የሚሄድ የእኛ አገር ሰው እስክንድርያን የሚያያት ባብዛኛው በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። ጠዋት መኪና ይነሳል፤ ምሽጉ ይታያል፣ ዓምዱ ይታያል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ዓሣ ይበላል፣ ማታ ካይሮ ይገባል። ይህ ይቆጨኛል። ከጥንቷ ከተማ ከመሬት በላይ የቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ሉክሶር ወይም ላሊበላ እንደሚደረገው ታላቁን ሥራ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያዩባት ከተማ አይደለችም። የእስክንድርያ ታላቅ ሥራ ከምድር በታችና ከውሃ በታች ተኝቷል፤ በላዩ ላይ ሚሊዮኖች ልጅ ያሳድጋሉ፣ ዓሣ ይጠብሳሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ማደር አለበት፤ ቢቻል ደግሞ ደጋግሞ ማደር።

ከካይሮው ራምሲስ ጣቢያ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። እስክንድርያ ውስጥ ሁለት ቦታ ይቆማል፦ መጀመሪያ ሲዲ ጋብር፣ መጨረሻ ማሕጣት መስር። ለጥንቷ ከተማና ለወደቡ የሚቀርበው መጨረሻው ነውና እዚያ ውረዱ። ማደሪያችሁን ከረምል ጣቢያና ከሰዓድ ዘግሉል አደባባይ ሳትርቁ ብትይዙ አብዛኛውን ነገር በእግር ትደርሱበታላችሁ። የረምል ትራም ከ1863 ጀምሮ የሚሠራ መስመር ነው፤ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ አንዱ። በእድሳት ምክንያት አገልግሎቱ የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። እየሠራ ካገኛችሁት መዳረሻ ባይኖራችሁም ተሳፈሩ።

የመጀመሪያውን ቀን ለኮርኒሹ፣ ለባሕር ዳሩ ረጅም መንገድ፣ እንድትሰጡት እመክራለሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ተነስታችሁ ባሕሩን በቀኝ ይዛችሁ ምሥራቃዊውን ወደብ ዞራችሁ ቃይትባይ ምሽግ ድረስ ስትሄዱ ከአንድ ሰዓት ይበልጣል። ወደቡ በግማሽ ክብ የታጠፈ ስለሆነ መድረሻችሁ ምሽግ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮ ከፊታችሁ ይታያል። በግራ በኩል በጨው የተበሉ የድሮ ፎቆች ተሰልፈዋል፤ ጣሊያኖች፣ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ አይሁዶችና ሶርያውያን አብረው የኖሩበት ዘመን ቅሪት ናቸው። በረንዳቸው የረገፈ፣ ቀለማቸው የተላጠ ብዙ አለ። በባሕሩ በኩል የድንጋይ አጥሩ ላይ ሰው ተደርድሮ ይቀመጣል፦ መንጠቆ የጣለ ሽማግሌ፣ ትዳር የሚማከሩ ወጣቶች፣ የተጠበሰ በቆሎና ስኳር ድንች የሚሸጥ ልጅ። ከመሸ በኋላ ቤተሰብ በሙሉ ይወጣል። በአንዳንድ ቦታ ካፌና ግንብ ባሕሩን ከልሎታል፤ የከተማው ሰው በዚህ ያዝናል፤ እኔም አዝኛለሁ። ባሕር ያለ ክፍያ ማየት የእስክንድርያ ድሀ ዋና ሀብቱ ነበር።

ቃይትባይ የቆመበት ድንጋይ ፋሮስ የቆመበት ነው። የመብራት ግንቡ በ280 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ተሠርቶ ከ100 ሜትር በላይ ቁመት ነበረው፤ ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ ይባል ነበር። አትናቴዎስ በመርከብ ወደ ስደት ሲወጣ፣ የእኛው ፍሬምናጦስ ጳጳስ እንዲሾምልን ለመለመን ወደ ከተማዋ ሲመጣ፣ መብራቱ እዚያ ይበራ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ ደጋግሞ መታው፤ የ1303ቱ የከፋ ነበር። ተጓዡ ኢብን ባጡጣ በ1326 ሲመጣ አንድ ጎኑ ፈርሶ አገኘው፤ በ1349 ሲመለስ ወደ በሩ መውጣት እንኳ አልተቻለም። የመምሉክ ሡልጣን ቃይትባይ በ1477 ምሽጉን ማሠራት ሲጀምር ከፍርስራሹ ድንጋይ ተጠቀመ። ከ1994 ጀምሮ ዣን ኢቭ አምፐረር የመሩት የፈረንሳይ ቡድን ከምሽጉ ሥር ባሕር ውስጥ ከ3,000 የሚበልጡ ጥርብ ድንጋዮችን፣ ዓምዶችንና ሐውልቶችን መዝግቧል። በ2025 ደግሞ 22 ግዙፍ የግንቡ ድንጋዮች ተስበው ወጥተዋል፤ ከነዚህ መካከል ሰባና ሰማንያ ቶን የሚመዝኑ የበር መቃኖች አሉ። ምሽጉ ውስጥ ብዙ የሚታይ ዕቃ የለም። ወደ ላይ ወጥታችሁ በመስኮቶቹ ባሕሩን ተመልከቱ፤ ከሥራችሁ ያለው ውሃ ያን ሁሉ ይዟል።

ከተማዋ ግማሽ ታሪኳን ውሃ ውስጥ የጣለችው ቀስ በቀስ ብቻ አይደለም። ጁላይ 21 ቀን 365 ቀርጤስ አጠገብ በተነሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ባሕሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከዚያ ተመልሶ ከተማዋን መታ። መርከቦች ቤት ጣሪያ ላይ ተወረወሩ። አትናቴዎስ በሕይወት ሳለ የሆነ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የእርሱ ታሪክ ለእኔ ሌላ ሆነ። አርባ አምስት ዓመት በመንበሩ ከቆየበት አሥራ ሰባቱን በስደት ያሳለፈ፣ አምስት ጊዜ የተባረረ ሰው መሆኑን ከስብከት አውቅ ነበር። አሁን ግን የሚናወጥ ምድርና የሚነሳ ባሕር ያለባት ከተማ ጳጳስ አድርጌ አስበዋለሁ። የንግሥቲቱ ክሊዮፓትራ ቤተ መንግሥት የነበረበት ሰፈርም ዛሬ እዚሁ ምሥራቃዊ ወደብ ሥር ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን በላዩ ያስራሉ።

አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በጥቅምት 2002 የተመረቀ ነው። የነደፈው ስኖሄታ የሚባል የኖርዌይ የሕንፃ ንድፍ ድርጅት ነው። 160 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጣሪያው ወደ ባሕሩ ያዘነብላል፤ በጀርባ በኩል ያለው የአስዋን ጥቁር አመድማ ድንጋይ ግድግዳ ከዓለም ዙሪያ በተሰበሰቡ የ120 ጽሕፈቶች ምልክቶች ተቀርጿል። የእኔ ምክር ፎቶ አንስታችሁ እንዳትሄዱ ነው። ቲኬት ቁረጡና ግቡ። የንባብ አዳራሹ አሥራ አንድ እርከን ነው፤ ብርሃኑ ከጣሪያው በሰያፍ ይወርዳል፤ የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጽሐፍ ላይ አጎንብሰው ታያላችሁ። ጥንታዊው ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደጠፋ ሰው ሁሉ የየራሱን ተጠያቂ ይጠራል፤ ቄሳር አቃጠለው፣ ክርስቲያኖች አጠፉት፣ ዐረቦች አነደዱት ይባላል። የሚታወቀው ነገር ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ የለካው እዚያ እያገለገለ መሆኑና ያ ሁሉ ጥቅልል መጥፋቱ ነው። እኔን ይበልጥ የነካኝ ቅርብ ጊዜ የሆነው ነው። በጥር 2011 አብዮቱ ሲነሳና ፖሊስ ከጎዳና ሲጠፋ፣ የከተማዋ ወጣቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቤተ መጻሕፍቱን ከበው ጠበቁት። በዙሪያው ሁከት ነበር፤ ሕንፃው ግን አልተነካም። መጽሐፏን አጥታ የምታውቅ ከተማ ሁለተኛ አላጣም ብላ ቆመች።

ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ኮም ኤል ዲካ የሚባል ቦታ አለ። የፖላንድ ቆፋሪዎች ከ1960 ጀምሮ እየቆፈሩ ያወጡት ነው። ጎብኚ ሁሉ የሚሄደው የዕብነ በረድ መቀመጫዎቹ ክብ ወደተደረደሩበት ትንሽ ቲያትር ነው። እዚያ ሁለት ደቂቃ ቆዩና ወደ ጎን ሂዱ። በሰልፍ የተሠሩ ከሃያ የማያንሱ ክፍሎች አሉ፤ በሦስት ግድግዳ የተደረደረ የድንጋይ መቀመጫ፣ ከመካከሉ ከፍ ብሎ የመምህሩ ወንበር፣ ከፊቱ ተማሪ ቆሞ የሚናገርበት ድንጋይ። በ5ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል ትምህርት የተሰጠባቸው ናቸው። የኔታ ተቀምጠው፣ ተማሪው ከፊታቸው ቆሞ ቅኔ ሲቀኝ ያየ ሰው ይህን ክፍል ለማወቅ አስጎብኚ አያስፈልገውም። በጆሮዬ የማውቃትን እስክንድርያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ ያየኋት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ረጅም ጊዜ ቆየሁ፤ ጠባቂውም አላስነሳኝም። በዚያው ግቢ የወፎች ቪላ የሚባለውን የሮማውያን ዘመን ቤት ወለል ሞዛይክ ሳታዩ አትውጡ።

ዓምዱ ጋ ስትደርሱ የሚሰማችሁ ሌላ ነው። ፈረንጆች የፖምፔይ ዓምድ ይሉታል እንጂ ከፖምፔይ ጋር ምንም አያገናኘውም። ወደ 27 ሜትር የሚደርስ ከአስዋን የመጣ ቀይ ድንጋይ ነው፤ ግንዱ አንድ ወጥ ነው። የቆመው ከ298 እስከ 302 ባለው ጊዜ ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። አዎ፣ ለዚያው ለዲዮቅልጥያኖስ። ስንክሳር በሰማን ቁጥር የምንሰማው፣ ብዙ ሰማዕታትን ያስፈጀው ንጉሥ። ዓምዱ በቆመ በዓመት ወይም በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ303፣ ታላቁ ስደት ተጀመረ። ግብፃውያን ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ዓመታቸውን የሚቆጥሩት እርሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው፤ ዘመኑንም ዓመተ ሰማዕታት ብለው ለሞቱት ሰጥተውታል። የዓምዱ ጥግ ላይ ቆሜ ስለዚህ አሰብኩ። ንጉሡ የተከበረበት ድንጋይ አሁንም ቆሟል፤ ከሥሩ ደግሞ የሴራፒስ ቤተ ጣዖት ፍርስራሽ አለ። ቤተ ጣዖቱ በ391 ፈርሷል። የእኛ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በደስታ ይተርኩታል። እኔ ግን ከመሬት በታች ያሉትን የመጽሐፍ መደርደሪያ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚባሉ ዋሻዎች ካየሁ በኋላ ደስታው ጎደለብኝ፤ ያ ቦታ የትልቁ ቤተ መጻሕፍት ታናሽ እህት የነበረበት ነውና።

ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የኮም ኤል ሾቃፋ የመቃብር ዋሻ አለ። በ1900 አንድ አህያ መሬት ተደርምሶ ስትወድቅ ነው የተገኘው። በ99 ደረጃዎች ጉድጓዱን እየዞራችሁ ትወርዳላችሁ፤ በመካከሉ ባለው ቀዳዳ ሬሳ በገመድ ይወርድ ነበር። ከታች ዘመድ ለሙታን መታሰቢያ ተቀምጦ የሚበላበት ክፍል አለ፤ የድንጋዩ መደብ እንዳለ ነው። ዋናው መቃብር በር ላይ አኑቢስ ተቀርጿል፤ ፊቱ የግብፅ ቀበሮ ነው፣ ልብሱ የሮማ ወታደር ጥሩር ነው። እባቦቹ የግብፅን ዘውድ ደፍተው የግሪክ በትር ይዘዋል። በ2ኛው መቶ ዓመት እዚህ የተቀበረው ቤተሰብ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አላስፈለገውም። ለሞቱ ሦስቱንም ጠራ። ከሦስቱ ደርብ የመጨረሻው ለብዙ ዘመን በውሃ ተውጦ ነበር፤ የከርሰ ምድር ውሃውን ዝቅ የማድረግ ሥራ በ2019 ተጠናቋል። ለጉልበት የሚያስቸግር ቦታ ነውና አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ አስቡበት።

እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ የጠየቀችኝ ስለ ባሕሩም ስለ ምሽጉም አልነበረም። «ልጄ፣ ማርቆስ ሄድክ? እኔንም ወክለህ ተሳለምልኝ» አለች። የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ከረምል ጣቢያ በእግር የሚደረስበት ነው። በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ፍተሻው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ 1 ቀን፣ በሆሳዕና፣ አጥፍቶ ጠፊው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንዳይገባ ፖሊሶች በሩ ላይ አግደውት ነበር፤ እዚያው ከሌሎች ጋር ሞቱ። ከሞቱት ፖሊሶች መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። በዚያ ዕለት የግብፅ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ፖፕ ታዋድሮስ እዚያ ቀድሰው ነበር።

ሕንፃው ራሱ የ20ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ጥንታዊ ግድግዳ የሚፈልግ አያገኝም። ጫማ የሚወለቅበት ቦታ ስፈልግ ሰው ሁሉ ከነጫማው ገብቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ነገር ግን ወደ ምድር ቤቱ ስትወርዱ፣ እዚያ ያረፉ ሊቃነ ጳጳሳት ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ጫማ ሰፊው አንያኖስ ነው (ዘመኑን ካሰላው መነኩሴ ሌላ ነው)፤ ማርቆስ የተበጠሰ ጫማውን ሲሰጠው እጁን ወስፌ የወጋው፣ ቅዱሱ የፈወሰው፣ ከእርሱ በኋላ መንበሩን የያዘው። ስሞቹን ዝቅ እያልኩ አነበብኩ፤ ከፍሬምናጦስ ጀምሮ እስከ 1951 ድረስ ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ የእኛን ጳጳሳት የሾመው መንበር ይህ ነው። መንበሩ በ11ኛው መቶ ዓመት ወደ ካይሮ ቢዛወርም ማዕረጉ ከዚህች ከተማ አልተነሳም። ግብፃዊ ጳጳስ መጠበቁ፣ ሲሞትም መሪ አጥቶ ዓመታት መቆየቱ፣ ለአባቶቻችን ቀላል አልነበረም። ያን ሁሉ ለማሰብ ሰሌዳው ፊት ቆሜያለሁ፤ ቂምም ፍቅርም ነበረኝ፣ ሁለቱንም አልደብቅም። የማርቆስን ሥጋ የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 ሰርቀው ወስደውታል። ከፊሉ በ1968 ወደ ግብፅ ሲመለስና በካይሮ አዲሱ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያ ነበሩ። በእናቴ ስም ተሳልሜ ወጣሁ።

ስለ ምግቡ ሳልናገር አላልፍም። ጠዋት ፉል ብሉ። እኛም ፉል እናውቃለን፤ የእስክንድርያው በቲማቲም፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሎሚና በሰሊጥ ጠሂና ይታሻል። ረምል ጣቢያ አጠገብ ያለው ሙሐመድ አሕመድ የሚባለው ቤት በዚህ ስሙ የገነነ ነው፤ ሰው ስለሚበዛ ማልዶ መሄድ ይሻላል። ምሳ ለጉበት፣ እራት ለዓሣ። ለዓሣው ወደ ባሕሪና አንፉሺ ሰፈር ግቡ፤ የአቡል አባስ ኤል ሙርሲ መስጊድ አካባቢ ነው። መስጊዱ በ13ኛው መቶ ዓመት ከአንዳሉስ የመጣ የሱፊ ሼኽ ያረፈበት ሲሆን አሁን ያለውን ሕንፃ የነደፈው ጣሊያናዊው ማሪዮ ሮሲ ነው። ዓሣ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ በበረዶ የተደረደረውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፤ ይመዘናል፤ እንዴት እንደሚሠራ ትናገራላችሁ። በፉርሽካ ተለውሶ በእሳት ላይ ከተጠበሰው ቡሪና ተከፍቶ አትክልት ከሚሞላበት ሲንጋሪ አንዱን ምረጡ፤ በሽንኩርት ከጠቆረው ሩዝ ጋር ብሉት። በገና ጾም ከሄዳችሁ ደግሞ ግብፃውያን ክርስቲያኖች ከረቡዕና ዓርብ በቀር ዓሣ ሲበሉ ታያላችሁ፤ እኛ አገር የማያልቀው የዓሣ ክርክር እዚያ የለም።

አንፉሺ ባሕር ዳር ላይ የእንጨት ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። መረብ የሚጠግን አንድ ሽማግሌ አጠገቡ አስቀመጠኝ። በእኔ ስብርባሪ ዐረብኛና በእርሱ ጥቂት እንግሊዝኛ ከየት እንደመጣሁ ነገርኩት። ስለ ግድቡ ይጠይቀኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እርሱ ግን ስለ ሰርዲን ነገረኝ። አባቱ ልጅ ሳለ የክረምቱ ጎርፍ ባሕሩን ቡናማ አድርጎት ሲመጣ ሰርዲኑ እስኪጠግቡ ይያዝ ነበር አለኝ። ነገሩ እውነት ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይ የተጠረገው አፈር ከነምግቡ ባሕሩ ሲገባ ዓሣው ይበዛ ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውሃውን መያዝ ከጀመረ በኋላ በ1962 ወደ 18,000 ቶን የነበረው የሰርዲን ምርት በ1968 ከ500 ቶን በታች ወረደ። በኋላ ዓሣው በሌላ ምክንያት ቢመለስም፣ አፈሩ ስላልመጣ የዴልታው ዳርቻ እስከ ዛሬ በባሕር ይበላል። የዚያ አገር ለም መሬት ከእኛ ተራራ የተቀዳ መሆኑን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንሰማለን፤ ባሕሩ ውስጥ ያለው ዓሣም እንደዚያ መሆኑን የነገረኝ ግን መረቡን የሚጠግነው ሰው ነው። ሻይ አስመጣልኝ፤ ሂሳቡንም እንዳልከፍል ከለከለኝ።

መቼ ልሂድ ለሚል፣ እኔ ክረምታቸውን እመርጣለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ካይሮ በሙሉ ወደ እስክንድርያ ይወርዳል፤ የባሕር ዳር አሸዋ አይታይም። ከኅዳር በኋላ ግን ከተማዋ ለነዋሪዎቿ ትመለሳለች። ዝናቡ የሚመጣው በማዕበል ነው፤ መርከበኞች ለእያንዳንዱ ማዕበል ስምና ቀን ሰጥተውታል፤ ኖዋ ይሉታል። በኅዳር አጋማሽ መክነሳ አለ፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ቃሲም አለ፤ በጃንዋሪ 19 የሚጠበቀው ደግሞ ጊጣስ ነው። ጊጣስ የግብፃውያን ጥምቀት ነው፤ የእኛ ጥር 11። እኛ ጃንሜዳ ታቦት ስናጅብ እነርሱ ቁልቃስ (ጎደሬ) እና ሸንኮራ እየበሉ ማዕበሉ ኮርኒሹን ሲዘል ያያሉ። ሙስሊሙ ዓሣ አጥማጅም በጊጣስ ባሕር አይገባም። በማዕበል ቀን መንገዱ ውሃ ስለሚሞላ ከባሕሩ አጥር ራቁ፤ ከሰዓድ ዘግሉል አደባባይ ካፌ መስኮት ሆናችሁ እዩት። የኮንክሪት ብሎኮች ከምሽጉ ዙሪያ የተደረደሩት ለዚሁ ነው፤ ባሕሩ በየዓመቱ ይበልጥ ይገፋል፤ የጨው ውሃም የድሮ ፎቆችን መሠረት እየበላ ነው። ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ባይዘገይ ጥሩ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። የግሪክና ሮማ ሙዚየም ከ2005 ጀምሮ ተዘግቶ ቆይቶ በ2023 ተከፍቷል፤ ግማሽ ቀን ስጡት። ሞንታዛ የንጉሣውያኑ የአትክልት ሥፍራ ነው፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ቢቀር አያስቆጭም። የስታንሊ ድልድይ ሌሊት ያምራል። መንሺያ አደባባይ ናስር በጁላይ 26 ቀን 1956 ስዊዝ ካናልን የወረሰበትን ንግግር ያደረገበት ነው፤ ልክ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ንጉሥ ፋሩቅ ከራስ ኤል ቲን ቤተ መንግሥት በመርከብ ከአገር የወጣበት ቀን።

አንድ ተጨማሪ ቀን ካላችሁ ግን ከከተማው ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው የቅዱስ ሚናስ ቦታ ሂዱ። ኅዳር 15 የምናከብረው ሰማዕት ነው። በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት ከመላው ዓለም ተሳላሚ ይጎርፍለት ነበር፤ ሁለት ግመል የተቀረጸባቸው የጸበል መያዣ ትናንሽ የሸክላ ዕቃዎቹ በአውሮፓና በእስያ ተቆፍረው ይወጣሉ። ፍርስራሹ በ1979 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ስለወጣበት በ2001 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ተቆጠረ፤ ውሃው ከወረደ በኋላ በ2025 ከዝርዝሩ ወጥቷል። አጠገቡ ያለውን አዲሱን ገዳም በ1959 ያስጀመሩት ፖፕ ቄርሎስ 6ኛ ናቸው። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ አቡነ ባስልዮስን የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ አድርገው የሾሙትም እኒሁ ናቸው፤ መቃብራቸው ገዳሙ ውስጥ ነው። ምእመናን ልመናቸውን በወረቀት ጽፈው መቃብሩ ላይ ያኖራሉ። በሕዝብ ትራንስፖርት መድረስ ስለሚያደክም ከከተማው ታክሲ ደርሶ መልስ ተነጋግሮ፣ ሾፌሩ እንዲጠብቅ ተስማምቶ መሄድ ይሻላል፤ በዐቢይ ጾም አንዳንድ ገዳማት ለጎብኚ ስለሚዘጉ ደግሞ ካቴድራሉ በር ላይ ቀድማችሁ ጠይቁ።